የኮምቦልቻው ሊጥ ደሴ ሲወጣ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ናት። እሷ ቤት የፒዛ ሊጥ በ1 ሰዓት ኩፍ ይላል፣ ፒዛዋም ለስላሳ ነው። እኔ በእሷው ልክ፣ ያንኑ ዱቄትና ያንኑ እርሾ ይዤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሊጡ ንቅንቅ አይልም። ሲጋገር እንደ ቂጣ ይደርቃል። ብርዱ ነው ብዬ ውሃውን በደንብ ባሞቀው ጭራሽ ባሰበት። እርሾ ልጨምር? ኦቨንም የለኝም፣ ያለኝ የእንጀራ ምጣድ ነው።»

እህቴ፣ እርሾ አትጨምሪ። ይቺን በመጀመሪያ ያዢልኝ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

እኔ ሊጥ የለመድኩት ኮምቦልቻ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት እያቦካሁ ዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ ደሴ ሥራ አገኘሁና መጣሁ። የመጀመሪያ ሳምንት ያቦካሁት ሁሉ ልክ እንዳንቺው ተኝቶ ቀረ። የቤቱ ኃላፊ «እርሾውን እጥፍ አድርገው» አለኝ፣ አደረግሁት። ሊጡ ተነሣ፣ እውነት ነው። ዳቦው ግን እርሾ እርሾ ሸተተ፣ በማግሥቱም ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ጀመር፣ ደንበኛም መለሰልን። ችግሩ የእርሾው ማነስ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የጎደለው ሙቀትና ጊዜ ነበር።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ግን ሐረጎን ስትወጪ አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ አንቺው ታውቂዋለሽ። ታች በሸሚዝ የነበረው ሰው እላይ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። እርሾም ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ብርዱ ይይዘዋል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የእርሾው ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እህትሽ ቤት 1 ሰዓት የፈጀው ሊጥ አንቺ ቤት 2 ሰዓት ቢፈጅ፣ በክረምት ወይም በኅዳር ደግሞ 3 ሰዓት ቢፈጅ ምንም አልተበላሸም። ገና እየሠራ ነው። አንቺ ግን 1 ሰዓት ሲሞላ ወደ ምጣድ ወሰድሽው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንድ ነገር አለች። ከፍታው ራሱ ሊጥን አያዘገይም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገር በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ስለዚህ እርሾው የሚያወጣው አየር ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ብርዱ ግን ይበልጠውና ሥራውን ሁሉ ያዘገየዋል። ለዚህ ነው ደሴ ውስጥ ሰው ሊጡን ከምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ዘወር ሲል በአንዴ ሞልቶ ፈስሶ፣ ኮምጥጦና ወርዶ የሚያገኘው። ብርዱ ሲነሣለት ከፍታው ብቻውን ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ችኩል ነው።

አሁን ወደ ውሃሽ። «በደንብ አሙቄ» ያልሽው ነው ሦስተኛውን ሊጥ የገደለው። እርሾ ለብ ያለ ነገር ይወዳል። 55 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ግን መሞት ይጀምራል። ለሻይ የሚሆን ውሃ አይደለም የሚፈልገው፣ ሕፃን የምታጥቢበት ውሃ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ይቺን ያዢ፦ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃና ሁለት ብርጭቆ ከቧንቧ የወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅዪ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድብልቁ 40 አካባቢ ይመጣል። ከቀዝቃዛ ዱቄት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የበለጠ ይበርድና ልክ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የሚያስፈልግሽን ለክተሽ ውሰጂ፣ የተረፈውን ተዪው።

ልኩ ይሄ ነው። ከሱቅ ግማሽ ኪሎ ፊኖ ዱቄት አስመዝኝ፣ እንዲያው በዓይን አይሁን። አንዳንዱ ባለሱቅ ፉርኖ ዱቄት ይለዋል። ፉርኖ ጣሊያኖች ትተውልን የሄዱት ቃል ነው፣ በእነሱ ቋንቋ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው፣ እንደ ፒያሳችን ሁሉ ከእኛው ጋር ቀርቷል። ውሃው 325 ሚሊ ሊትር ነው፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብትለኪው ሁለት ሦስተኛው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። በፓኬት ከሚሸጠው ደረቅ እርሾ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ። ጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ። ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ስኳር ከፈለግሽ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቀለሙን ያምርልሻል፣ ባይኖርም አያቆምሽም። ከዚህ ሦስት መካከለኛ ፒዛ ይወጣል።

ጥቁር ዱቄት አትቀላቅዪ፣ ቢያንስ እስክትለምጂው። ብጣሪው የሊጡን ክር ይቆራርጠዋል። ጤፍም እንደዚሁ ለዚህ አይሆንም፣ ስንዴ ያለው ያ የሚሳሳብ ሙጫ የለውምና አየሩን አይዝልሽም።

እርሾሽንም አትመኝው፣ ፈትኝው። ፓኬቱ ተከፍቶ ወራት የቆየ ከሆነ ከሦስቱ ሙከራ የአንዱ ጥፋተኛ እሱ ሊሆን ይችላል። ከለካሽው ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ቀንሺና እርሾውንና ስኳሩን በትኝበት። 10 ደቂቃ፣ በብርድ ቀን 15 ደቂቃ ቆዪ። አረፋ ካወጣና ጠላ ጠላ ከሸተተ ሕያው ነው። ዝም ካለ ጣዪው፣ ግማሽ ኪሎ ዱቄት አትሠዊለት።

አቦካኩ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጠርጥር። «እንደ ቂጣ ይደርቃል» ስትዪ፣ እጅሽ ላይ እየተጣበቀ ሲያስቸግርሽ ዱቄት ጨምረሻል አይደል? ሁሉም ሰው ይጨምራል። እናቶቻችን የቂጣና የአምባሻ ሊጥ ጠንከር አድርገው ስለሚያሹ እጃችን የለመደው እሱን ነው። የፒዛ ሊጥ ግን ለስለስ ማለት አለበት፣ መጀመሪያ ላይ መጣበቁ ጤና ነው። የደሴ አየርም ደረቅ ሲሆን፣ በተለይ በበጋ፣ ዱቄቱ ራሱ ደርቆ ስለሚመጣ ውሃ ይጠጣል። አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ መጨመር እንጂ ዱቄት መጨመር አይደለም መፍትሔው።

እንዲህ አድርጊ። ዱቄቱን፣ ውሃውንና እርሾውን በማንኪያ አዋህጂ፣ ደረቅ ዱቄት እስካይታይ ብቻ። መልኩ ያስጠላል፣ አይግረምሽ። ክደኚውና 20 ደቂቃ ተዪው። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ የስንዴው ሙጫም እጅሽ ሳይነካው መያያዝ ይጀምራል። ከዚያ ጨውና ዘይቱን ጨምረሽ 8 ደቂቃ ያህል እሺው። እጅሽን ዱቄት ከምታስነኪው ዘይት አስነኪው። 20 ደቂቃ ያረፈ ሊጥና ወዲያው የታሸ ሊጥ እጅ ላይ ያላቸውን ልዩነት አንዴ ካየሽው ሁለተኛ አትዘዪውም። መብቃቱን ለማወቅ ትንሽ ቆንጥረሽ በሁለት እጅሽ በዝግታ ለጥጪው። ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቷል። ከተበጠሰ 10 ደቂቃ አሳርፊውና ትንሽ ደግሞ እሺው።

ቀጥሎ መጠበቅ ነው፣ እዚህ ላይ ሰዓትሽን አውልቂው። ከሊጡ ሎሚ የምታህል ቆርሰሽ መስተዋት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሪ፣ ላዩን ደልድዪና ቁመቱ የደረሰበት ላይ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጊ። ብርጭቆውን ከዋናው ሊጥ አጠገብ አስቀምጪው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው እጥፍ ሲሆን ዋናውም እጥፍ ሆኗል። በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ ሊጥ ዓይን ያታልላል፣ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ያደገ አይመስልም። ሌላው መንገድ ጣት ነው። ጣትሽን ዱቄት አስነክተሽ ሊጡን ጫን አድርጊው። ጉድጓዱ ወዲያው ከተሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። እንዳለ ከቀረና ሊጡ ከተነፈሰ አልፎበታል፣ እሱንም አትጣዪው፣ ሰብስበሽ አድቦልብዪውና እንደገና ትንሽ ጊዜ ስጪው።

ቶሎ እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ ሳህኑን በፌስታል ሸፍነሽ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልዪበትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል አስቀምጪ። ወይም ትልቅ ድስት ውስጥ ሙቅ ውሃ የያዘ ሲኒ ከሊጡ ጋር አስገብተሽ ክደኚ። የማልመክርሽ ከሰል ነው። ሊጡ እንዲሞቅ ተብሎ በር ተዘግቶ ከሰል የሚቀጣጠልበት ቤት አውቃለሁ። የከሰል ጢስ አልባ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። ለፒዛ ብለሽ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትግቢ።

ግን እኔን ካማከርሽኝ ከነጭራሹ አትቸኩዪ። ትልልቅ ፒዛ ቤቶች ሊጣቸውን ፍሪጅ ውስጥ የሚያሳድሩት ቦታ ስለተረፋቸው አይደለም። ቀዝቃዛ ቦታ በዝግታ ያደረ ሊጥ ጣዕም ያወጣል፣ ጠረኑ ይለያል፣ ሲለጠጥም አያስቸግርም። እኛ የእንጀራ ሊጥ የምናሳድረው ያለ ምክንያት ነው እንዴ? የደሴ ማድ ቤት ደግሞ ሌሊቱን ያን ቅዝቃዜ በነፃ ይሰጥሻል። ስለዚህ እርሾውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀንሺ፣ የውሃውን ብርድ ብቻ ስበሪ፣ ማታ ከእራት በኋላ አቡክተሽ ከድነሽ ተኚ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ጠዋት ስትነሺ ሞልቶ፣ ላዩ አረፋ አረፋ ብሎ ታገኝዋለሽ። አሁን ደሴ ውስጥ ለራሴ ቤት ስሠራ ከዚህ ውጭ አልሠራም። ስትታገይው የነበረው ብርድ ለዚህ ሥራ ዋና ረዳትሽ ነው።

ሊጡ ሲደርስ ሦስት ቦታ ክፈዪው፣ እያንዳንዱን አድቦልብለሽ ዘይት በነካ ፌስታል ሸፍኚና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አሳርፊ። ይሄን ካለፍሽው ስትለጥጪው ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያናድድሻል። መዳመጫ አትጠቀሚ፣ ሌሊቱን የሞላውን አየር ጨፍልቆ ያስወጣዋል። በጣቶችሽ ከመሃል ወደ ዳር ጫን ጫን እያልሽ አስፊው፣ ዳሩን አንድ ጣት ያህል አትንኪው። እምቢ ካለሽ አትጎትቺው፣ 5 ደቂቃ ተዪው፣ ራሱ ይለቅልሻል።

አሁን ኦቨን የለኝም ላልሽው። ኔፕልስ ውስጥ የፒዛ ጋጋሪዎቹ ሙያ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። የእነሱ የእንጨት ምድጃ 430 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። የእነሱ ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው። እኛ ዘይት የምንጨምረው ቤት ውስጥ እሳቱ ስለሚያንስ፣ ሊጡም ብዙ ስለሚቆይ፣ እንዳይደርቅ ነው። ኦቨን ያለው ሰው 250 ዲግሪ ላይ ትሪውን ባዶውን 30 ደቂቃ አግሎ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግር። ያንቺ መንገድ ሌላ ነው።

የምጣድ ችግሩ እሳቱ ከታች ብቻ መሆኑ ነው። ሥሩ ሲያርር ላዩ ጥሬ ነው። ሦስተኛው ፒዛሽ ላይ ይሄም ሳይደርስ አልቀረም። አምባሻ የምትጋግሪ ከሆነ ግን መላውን ታውቂዋለሽ፣ መገልበጥ ነው። ምጣዱን በደንብ አግዪው። የተለጠጠውን ሊጥ ባዶውን ጣል አድርጊበት፣ አክንባሎውን ክደኚ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተሽ ሥሩ ጠቃጠቆ ሲያወጣ አንሺው። ሰፌድ ላይ ገልብጪው፣ የበሰለው ፊት ወደ ላይ ይሁን። ድልሁን፣ ቺዙን፣ ሌላውን ሁሉ በዚህ በበሰለው ፊት ላይ ነው የምታደርጊው። ከዚያ የምጣዱን እሳት ቀነስ አድርገሽ ፒዛውን መልሺው፣ ክደኚና ቺዙ እስኪቀልጥ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ሲመለስ ከሥሩ ፎይል አንጥፊለት። ቲማቲምና ቺዝ የፈሰሰበት ምጣድ ነገ እንጀራሽን ይይዝብሻል፣ እናትሽ ካለች ደግሞ በምጣዷ አትጫወትም። ወፍራም መጥበሻ ክዳን ያለው ካለሽ እሱ ይሻልሻል፣ ዘዴው ያው ነው።

ግቢ ካለሽና ጊዜ ካለሽ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ድፎ ዳቦ እንዴት ነው የሚበስለው? እሳት ከላይ እሳት ከታች ነው። ወፍራም ብረት ድስት ከሰል ላይ አግዪ፣ ሊጡን ከነላዩ አስገቢ፣ ብረት ክዳኑን ግጠሚና ክዳኑ ላይ ፍም ደርድሪ። ከታች ያለው ፍም ከላይኛው ያንስ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ዳሩ ይነፋል፣ ላዩ ይቀላል፣ መገልበጥ አያስፈልግም። ይሄ ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አይሠራም፣ ምክንያቱን ቅድም ነግሬሻለሁ።

ስለ ላዩ ብዙ አልልም፣ የጠየቅሽኝ ሊጡን ነው። ሁለት ነገር ብቻ። ጥሬ ቲማቲም ቆራርጠሽ አትከምሪበት፣ ውሃው ሊጡን ያርሰዋል። ቲማቲሙን በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ውሃው እስኪመጥ አብስዪው፣ በመጨረሻ በሶብላ ጣል አድርጊበት። ሌላው አይብ ነው። የእኛ አይብ አይቀልጥም፣ ቢጋገርም እንደተፈረፈረ ይደርቃል። ከፈለግሽው ከበሰለ በኋላ በትኝው እንጂ በቺዝ ቦታ አትተኪው። ሊጡ ራሱ ወተትም እንቁላልም ስለሌለው የጾም ነው፣ በጾም ቀን በሽንኩርት፣ በቃሪያና በእንጉዳይ ብቻ ብትሠሪው ሙሉ ፒዛ ነው።

መብራት ድንገት ቢሄድብሽ አትደንግጪ። የደረሰውን ሊጥ በእጅሽ ተጭነሽ አስተንፍሺውና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ካለሽ ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው። ሁለት ሦስት ሰዓት ምንም አይሆንም። ሦስተኛውን ድቡልቡል ሳትጠቀሚበት ካደረ ደግሞ ጠዋት ሳሳ አድርገሽ ምጣድ ላይ ጣል አድርጊው፣ ለቁርስ ከሻይ ጋር ትኩስ ዳቦ ነው።

እህትሽም በዝግታ የሚደርሰውን ሊጥ ልሞክር ካለች በደሴ ልክ አታቡካ። ኮምቦልቻ ሌሊቱም ሞቅ ስለሚል ግማሽ የሻይ ማንኪያው ይበዛባታል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃታል። ማታ ሳይሆን ሊነጋ ሲል፣ ለምሳ እንዲደርስላት አድርጋ ታቡካው። ብርጭቆው ላይ ምልክት ማድረጉን ግን እሷም አትርሳ።